ቀሚሱ ጥቁር ነው ያሉት የእትዬ ቀለም የሕይወት ታሪክ

«የገዛ እናቷን ማቅ አልብሳ አደባባይ አወጣቻት» የሚለው ወሬ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያለ ዕረፍት ሲነገር ቆይቷል። በሰርግ ተነግሯል፣ በታክሲ ተነግሯል፣ ትናንትም በዚሁ ለቅሶ ቤት ገና ወንበር ሳይያዝ ተነግሯል። የሚያወሩት ስለማያውቁ፣ የሚያውቁትም ስለማያወሩ የሟች ታሪክ እንደሚከተለው ተጽፏል።

በሰፈሩ ሰው ዘንድ እትዬ ቀለም እየተባሉ የሚጠሩት ሟች፣ ከመኪና ጠጋኝ አባታቸውና ከክር ፋብሪካ ሠራተኛ እናታቸው በኅዳር ወር 1945 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱት ከፋብሪካው ጀርባ፣ ማሽኑ በተነሣ ቁጥር ግድግዳው በሚንቀጠቀጥ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ነው። ለወላጆቻቸው ሁለተኛና የመጨረሻ ልጅ ናቸው። የመጀመሪያዋ፣ ታላቅ እህታቸው፣ ዛሬ ከፊት ረድፍ ተቀምጠዋል። እናታቸው በዘጠኝ ዓመታቸው ፋብሪካ ገብተው የጥጥ ብናኝ ሲምጉ ኖረዋል። ሟች ገና የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳሉም አርፈዋል።

ሟች እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው በ1961 ዓ.ም. በአንድ ፎቶ ቤት በአጣቢነት ተቀጠሩ። ስድስት ወር ፎቶ አጠቡ። በሰባተኛው ወር፣ አስተማሪ ሳይኖራቸው፣ በጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ በቀጭን ብሩሽ ቀለም መቀባት ጀመሩ። በ1966 ዓ.ም. ከካሜራ ጠጋኙ ባለቤታቸው ጋር ጋብቻ ፈጽመው ሁለት ሴቶች ልጆች አፍርተዋል። ከእርሳቸው ቀድመው ያረፉት ባለቤታቸው ዝምተኛ ሰው ነበሩ። ቢናገሩም የሚሰማቸው አልነበረም።

በ1996 ዓ.ም. የክር ፋብሪካው ሲፈርስ የመጨረሻው ዘበኛ በሦስት የሳሙና ካርቶን ሁለት መቶ አሥራ ሁለት የመስታወት ኔጋቲቮች፣ ማለትም ከፊልም በፊት ፎቶ ይነሣባቸው የነበሩ መስታወቶች፣ ይዘው ወደ ሟች መጡ። ከሰባ ዓመት በላይ የቆዩ የሕፃናት ሠራተኞች ፎቶዎች ነበሩ። ማሽኑ ስለሚረዝማቸው ሣጥን ላይ ቆመዋል፤ ጣታቸው በጨርቅ ተጠምጥሟል። ሟች በሃምሳ አንድ ዓመታቸው ኮምፒውተር ተማሩ። አስተማሪውን ሁለት ቀን ታገሡት፣ በሦስተኛው አባረሩት፣ የቀረውን ራሳቸው ደረሱበት። ከዚያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ልጆቹን አንድ በአንድ ቀለም ቀቡ። የአንድ በር ቀለም ለማወቅ አምስት ጡረተኛ ቤት አንኳኩተዋል። ዘመድ መጥቶ «ጉንጫቸውን ትንሽ ቀላ ብታደርጊው ምናለበት?» ሲል፣ «ደሙን ከየት ላምጣ?» ብለው በሩን ያሳዩት ነበር።

በስድሳ ሰባተኛው መስታወት ላይ እናታቸው በዘጠኝ ዓመታቸው ተገኙ። እህትማማቾቹ በእናታቸው ቅንድብ ላይ ባለው ጠባሳ በአንድ ቅጽበት ለዩዋቸው። የተስማሙት እዚያ ላይ ብቻ ነው።

«ቀሚሱ ቀይ ነው» አሉ ታላቅ እህታቸው። «አባቷ ፋብሪካ ሊያስገባት ዋዜማውን የገዛላት ነው። እማዬ ራሷ ነግራኛለች።»

«አንቺ የሰማሽውን ታወሪያለሽ፣ እኔ የማየውን እቀባለሁ። ይኸው፣ ጥቁር ነው።»

ሟችን ያንገበገባቸው የቀሚሱ ነገር ብቻ አልነበረም። እናታቸው ለታላቂቱ የነገሩትን ለታናሺቱ ሳይነግሩ መሞታቸው ነበር። ይህን ለማንም አልተናገሩም፤ ግን ቤቱ ውስጥ ዓይን ያለው ሁሉ ያየው ነበር።

በ2005 ዓ.ም. ሥራቸው በቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ለሕዝብ ቀረበ። ታላቅ እህታቸው መጥተው ከስድሳ ሰባተኛው ፎቶ ፊት ቆሙ። «በልጅነቷ አንድ ቀን አጊጣ ብትነሣ፣ ያችኑ ቀን ማቅ አለበስሻት» ብለው በእንግዳ ፊት ተናግረው ወጡ። ለኬኩ የመጡት ዘመዶችም ሳህናቸውን እንደያዙ ተከትለዋቸው ወጡ። ወሬው የተወለደው ያን ዕለት ነው። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል፤ ሁለቱም ዋጡ። እህትማማቾቹ በአንድ ከተማ፣ በሁለት ፌርማታ ርቀት፣ አሥራ አንድ ዓመት ሳይነጋገሩ ኖሩ።

ሟች ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሆስፒታል ተኝተው ሲታከሙ ቆይተዋል። ከማረፋቸው አራት ቀን በፊት ታላቅ እህታቸው በሰባ ስድስት ዓመታቸው አራት ፎቅ በእግር ወጥተው መጡ፤ አሳንሰሩ ተበላሽቶ ነበር። ከክፍሉ ደጃፍ ቆመው ነርሷን ላኩ፦ «ቀሚሱን እቀይራለሁ ትበልና እገባለሁ።»

ሟችም ዓይናቸውን ሳይገልጡ መለሱ፦ «ጥቁር ነው በያት። ደግሞ ወንበር ስጫት፤ ጉልበቷን ያማታል።»

ታላቅ እህታቸው ከደጃፉ ወንበር ላይ አንድ ሰዓት ተቀምጠው ሄዱ። በሩ ክፍት ነበር።

እትዬ ቀለም መጋቢት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ሁለት ሴቶች ልጆች፣ ሦስት የልጅ ልጆችና አንዲት ታላቅ እህት ትተው አልፈዋል። በሕይወታቸው ለማንም እጅ ያልሰጡትን ሴት ፈጣሪ በለሆሳስ ይቀበላቸው፤ ቀለም የቀቧቸው ሕፃናትም ደጃፍ ወጥተው ይጠብቋቸው።

ይህ ጽሑፍ ትናንት ወደ ማተሚያ ቤት ሊላክ ሲል አንድ ነገር ተጨምሮበታል። እንዳይጨመር የመከሩ ነበሩ፤ አልተሰሙም። በፎቶ ቤቱ ጨለማ ክፍል ከሟች ጋር ይሠሩ የነበሩ የሰማንያ ሁለት ዓመት አዛውንት ለቅሶ ደርሰው፣ ሟች ቀለም የቀቧቸውን የፋብሪካ ልጆች አልበም ከዳር እስከ ዳር ገለጡ። «ከዚህ ሁሉ ልጅ ቀይ የለበሰ የለም እንዴ?» ብለው ጠየቁ። ሟችም የሚያውቁት ነገር ስለመሰላቸው እንደ ዋዛ ተናገሩት፦ የዚያ ዘመን የፎቶ መስታወት ቀይን አያይም፤ ቀይ ቀሚስ ጥቁር ሆኖ ነው የሚወጣው።