በበጋ የተሣለው የተፋሰሳችን ካርታ

ለተከበሩ የወንዝ ተፋሰስ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለከበረው ጤንነትዎ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። እኔም አለሁ ከተባለ አለሁ። በመሥሪያ ቤትዎ የወንዙን ከፍታ እያነበበች ትመዘግብ የነበረችው፣ ባለፈው ክረምት ጎርፍ የወሰዳት ልጅ እናት ነኝ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ የምጽፈው ቀስ ብዬ ነው፤ እርስዎም ቀስ ብለው ያንብቡልኝ።

አንደኛ፣ ተፋሰሱን በአፈሩ፣ በውሃውና በእጽዋቱ ለይታችሁ ለእያንዳንዱ ቀጠና የሚስማማውን ጥበቃ ለመስጠት ስላሰባችሁ አመሰግናለሁ። ልጄም ሐሳቡን ትወደው ነበር፤ ዓሣውም ወፉም ሰውም ቤት ቤቱን ካወቀ አይጣላም ትለኝ ነበር። ክፋቱ፣ ባለሙያዎቻችሁ መኪናቸው ጭቃ እንዳይዘው ብለው የመጡት በበጋ ነው። የተሰነጠቀ መሬት አዩና የታችኛውን ረግረግ «ደረቅ ሜዳ» ብለው ካርታው ላይ ቢጫ ቀቡት።

ሁለተኛ፣ ቢጫ ነው ብላችሁ ረግረጉ ላይ የበቀለው ደንገል እንዲመነጠር ስለፈቀዳችሁ አመሰግናለሁ። ልጄ የክረምቱን መዝገብ ይዛ፣ ጎርፉን የሚያዘገየው ደንገሉ መሆኑን ለማስረዳት ሦስት ጊዜ ተመላልሳለች። ካርታ ሠሪው ትሑት ሰው ነው፤ ወንበር ስቦላት «እህቴ፣ ካርታው ላይ ረግረግ የለም» አላት። ይህን ስትነግረኝ ትስቅ ነበር። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ለካ እውነት ኖሯል። ድሮ ደንገሉ ውስጥ ሁለት ቀን ያድር የነበረው ጎርፍ፣ ደንገሉ ሲመነጠር በአንድ ሰዓት ውስጥ ደረሰ፤ እሷ የወንዙ መለኪያ ዘንድ ቆማ ቁጥር ትጽፍ ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለ ሐዘን መግለጫችሁ አመሰግናለሁ፤ ማኅተሙ ያምራል። «በደረቅ ሜዳ ቀጠና በደረሰ ድንገተኛ አደጋ» ይላል። ደረቅ ሜዳ ላይ የሰጠመች ልጅ የወለድኩ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርምና ክብሩ ይድረሰኝ።

አሁን ደግሞ የላይኛው ረግረግ ቢጫ መሆኑን ሰምቼ ሄጄ አየሁት። ካስማ ተተክሏል፤ ዳር ዳሩ ተቆርጧል። ወፎቹ ለቀዋል፤ የእንቁራሪት ድምፅ የለም፤ ዝምታው ጆሮ ያማል። ከሥሩ ያለው ትምህርት ቤት ነው፤ ክረምቱም ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ቀርተውታል።

ልጄን መልሱልኝ አልልም። ምንጠራውን ያስቁሙና፣ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ካርታውን ይዘው ራስዎ ይምጡ። ጫማዎን እኔ አጥባለሁ።

እግርዎን ጭቃ፣ ወንበርዎን እርጥበት አይንካብዎ እያልኩ፣ በታላቅ አክብሮት፣
የመዝጋቢዋ እናት

ማስታወሻ፦ በልጄ ቦታ ሌላ ልጅ መቅጠራችሁን ሰምቻለሁ። የእናቷን አድራሻ ቢልኩልኝ፣ እንዲህ ያለ ደብዳቤ እንዴት እንደሚጻፍ ከወዲሁ አስተምራታለሁ።