የጋሼን ክፍል አላሰናዳሁም

ውድ እትዬ፣

በስልክ የላክሽውን የድምፅ መልእክት ሰምቻለሁ። ከልጅሽ ሚስት ጋር አልተስማማሽም፣ ብርዱም ጉልበትሽን ጨርሶታል፤ በወሩ መጨረሻ ልትመለሺ ነው። «ደረጃ መውጣት አልችልም፤ ታች ያለውን የጋሼን ክፍል አሰናጂልኝ» ብለሻል። ደጋግሜ አዳመጥኩት፤ እንደምን ነሽ የሚል ቃል አምልጦኝ እንደሆነ ብዬ።

ደውዬ ልመልስልሽ ነበር፤ ግን በአፍ አልችልሽም። «አንቺ ልጅ» ካልሽኝ አበቃ፣ ሕፃን እሆናለሁ። ለዚህ ነው የምጽፍልሽ።

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን እየደወልሽ ያልሽኝን አልረሳሁም። እዚህ እናንተ ዘንድ ብርድ የለም፣ ካፖርት የለም፣ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ ነው፤ መስኮት ስትከፍቺ ባሕር ነው። «ባል የለሽ፣ ልጅ የለሽ፤ ግድግዳ እያየሽ ልታረጂ ነው? ነይና አብረን እንጦር» አልሽኝ። እውነትሽን ነበር። ያኔ ሥራ እንዳለበት ሰው ማልጄ እየተነሣሁ፣ ያለ ምንም ጉዳይ በሠራሁበት ሆስፒታል በር አልፌ እመለስ ነበር። የጎደለኝ ምን እንደሆነ ታውቂ ነበር። ስለ ባልሽ ስለ ጋሼ ስጠይቅሽ፣ ትንሽ ደከም ብሎታል፣ ዕድሜ ነው አልሽኝ። ቤቴን ሸጥኩ። ጓደኞቼ መጀመሪያ ሄደሽ እዪው ቢሉኝ ሳቅኩባቸው። እናታችን ስትሞት ፀጉሬን ያበጠርሽኝ፣ ፊደል ያስቆጠርሽኝ አንቺ ነሽ፤ ያንቺን ቃል ደግሞ ላጣራ?

ከአውሮፕላን ስወርድ ሙቀቱ እንደ እርጥብ ፎጣ ፊቴ ላይ ተለጠፈ። አቅፈሽኝ አለቀስሽ፤ እኔም አለቀስኩ። ቤት ስንገባ ግን ሻንጣዬን መሬት ሳላስነካ ሽታው ነገረኝ። ዕድሜ ልኬን ቀዶ ሕክምና ክፍል የሠራሁ ሰው ነኝ፤ የሰነበተ የአልጋ ቁስል ገና ከበር አውቀዋለሁ። ባልሽ፣ ያ ድልድይ ሲያሠራ ድምፁ ከወንዝ ማዶ ይሰማል የሚባልለት መሐንዲስ፣ ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ብሎት፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈች እንሽላሊት እያየ ተኝቷል። ሳገላብጠው ወገቡ ላይ አጥንቱ ሊታይ ምንም አልቀረውም። ቀና ብዬ አየሁሽ። አፍንጫሽን በመሐረብ ይዘሽ በሩ ላይ ቆመሻል።

«እኔማ ሆዴ አይችልም» አልሽኝ። «አንቺ እጅሽ ለምዷል።»

ባሕር የሚያሳየው ክፍል ፎቅ ላይ ነው፤ የምትተኚበት አንቺ ነሽ። ለእኔ ያነጠፍሽልኝ ከጋሼ ክፍል ጋር በር በሚያገናኛት ጠባብ ክፍል ነው። ለጊዜው ነው ብለሽኝ ነበር፤ እስከ መጨረሻው እዚያው ቀረሁ።

ለጋሼ መድከሜ አይቆጨኝም። ያ ቁስል ከሥሩ ሥጋ እየሞላ ሲመጣ ሳይ ደስ እያለኝ አጥበው ነበር። የሚያሳርረኝ ሌላ ነው። አንቺና ጡረተኛ ጓደኞችሽ በረንዳ ላይ ካርታ ስትጫወቱ የቀዘቀዘ መጠጥ ሳቀርብላችሁ፣ በዚህ አገር ቋንቋ አንዲት ቃል ተናግረሽ ታስተዋውቂኝ ነበር። እነሱም ፈገግ ብለው ራሳቸውን ይነቀንቁልኛል። እህቴ ናት ያልሽ መሰለኝ። ቋንቋውን ስለማላውቅ ቃሏን እንደ ወርቅ ያዝኳት። ፋርማሲ ስገባ፣ ገበያ ስወርድ ወደ ቤትሽ እየጠቆምኩ፣ ደረቴን ነፍቼ እላት ነበር።

ያረመችኝ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ናት። ከስቼ ቀሚሶቼ ስለሰፉኝ እንድታሳንስልኝ ወሰድኩላት፤ ስትለካኝም ዘመድ የለሽም ወይ ብላ በምልክት ጠየቀችኝ። ቃሏን አልኩና ወደ በረንዳው ጠቆምኩ። አልገባትም። ሁለት ጣቶቼን አጣብቄ አሳየኋት፣ ሆዴን ነካሁ፣ ከአንድ እናት የወጣን ነን ለማለት። ያኔ ገባት። በከንፈሯ የያዘቻቸውን ስፒሎች አንድ በአንድ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና፣ እህት በቋንቋቸው ምን እንደሚባል አስተማረችኝ። ሌላ ቃል ነው። እኔ ለሰው ሁሉ ስናገረው የከረምኩት አስታማሚ ማለት ነው፤ ያውም ተቀጣሪ። አልሳቀችብኝም። ብትስቅብኝ ይሻለኝ ነበር።

ቤት ገብቼ ስጠይቅሽ እንኳ አልደነገጥሽም። እዚህ አገር ነርስ የቀጠረ ቤት ይከበራል፣ ምን ጎደለብሽ አልሽኝና ወደ ካርታሽ ተመለስሽ።

ጋሼ ሰምቶናል። ላገላብጠው ስገባ በዚያ በከበደ ምላሱ ተናገረኝ።

«ስትደውልልሽ እዚሁ አጠገቤ ነበረች» አለኝ። «ስትዋሽሽ እየሰማሁ ዝም አልኩ። እውነቱን ካወቅሽ የምትቀሪ መስሎኝ ፈራሁ። ይቅር በይኝ።»

እሱን ይቅር አልኩት። አንቺን ግን ይቅር ማለት እስከ ዛሬ አልሆነልኝም፤ ምክንያቱን ልንገርሽ። «ታሟል፣ አቅቶኛል፣ ድረሽልኝ» ብለሽኝ ቢሆን ኖሮ በማግሥቱ እመጣልሽ ነበር። ቤቴን ቆልፌ እንጂ ሸጬ ሳይሆን፣ እህትሽ ሆኜ እመጣ ነበር። አንቺ እኔን መለመን ከበደሽ፤ ማታለሉ ቀለለሽ። በፈቃዴ የምሰጥሽን ነገር ሰርቀሽ ወሰድሽው።

የሞተ ዕለት ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድብ ነበር። እጁ በእጄ ውስጥ ነበር። ብጠራሽ ከደረጃው አልወርድ አልሽ፤ አጥቤው፣ አልብሼው፣ ፀጉሩን አበጥሬለት ከጨረስኩ በኋላ ወረድሽ። ከዚያ ሰፈሩ እስኪሰማ አለቀስሽ። የደገፍኩሽ እኔ ነኝ፤ ያን ቀን አሳዝነሽኝ ነበር። ለቅሶው ሳይበርድ «ልቤ እስኪረጋ» ብለሽ ልጅሽ ዘንድ ሄድሽ። እኔ ቀርቼ ዕቃሽን ጠበቅሁ። ሻጋታ ከጫማሽና ከሠርግሽ ፎቶ ላይ ስጠርግ፣ ጨዋማው ነፋስ የበላውን የበር ማጠፊያ ዘይት ስቀባ ከረምኩ። በደወልሽ ቁጥር ጣሪያው አፈሰሰ ወይ ትዪኛለሽ። ጣሪያው ደህና ነው፣ እትዬ።

ከቤትሽ ወጥቻለሁ። ከልብስ ሰፊዋ ጓሮ አንድ ክፍል ተከራይቻለሁ። ቋንቋውን ከእሷ ለምጄ፣ ጠዋት ጠዋት በሰፈሩ ጤና ጣቢያ ቁስል አጥባለሁ። ተኮላትፌ ስናገር ሕመምተኞቹ ሕመማቸውን ረስተው ይስቃሉ፤ እኔም እስቃለሁ። አገርሽ ለምን አልገባሽም እንዳትዪኝ፤ ቤቴ መስኮት ላይ የሌላ ሰው መጋረጃ ለማየት አልሄድም።

የጋሼን አልጋ ለጤና ጣቢያው ሰጥቻለሁ፤ አትፈልጊው። ክፍሉን ጠርጌ መስኮቱን ከፈትኩት፤ ከዚያ ያለፈ አላሰናዳሁም። የጤና ጣቢያው ዘበኛ ሚስት አዛውንት ታስታምማለች፣ እጇ ንጹሕ ነው። ቅጠሪያት፤ ሰው ፊትም በስሟ ጥሪያት።

የምትገቢ ዕለት ሥራ ላይ ስለምሆን አልቀበልሽም። ጉልበትሽ ተሽሎሽ መራመድ ስትችዪ ከሰዓት በኋላ ብቅ በዪ። ክፍሌ አንድ አልጋና አንድ ወንበር አላት፤ ወንበሩን ለአንቺ እለቅልሻለሁ። ሻይ አፈላልሻለሁ። ጠጥተሽ ስትጨርሺ ወደ ቤትሽ ትሄጃለሽ።

እህትሽ