ዘይት የጠጣው ሃርሞኒካ

ማክሰኞ፣ የካቲት 6

«ለአቶ ደምሴ። ዕቃዎ በቤንዚን ታጥቧል፣ ጥሩ ዘይትም ጠጥቷል። ከእንግዲህ ድምፅ ቢያጣ ጥፋቱ የእኛ አይደለም።»

ለሥራ ጎግ ወረዳ ጥቂት ቀን ሰንብቼ ስመለስ የጠበቀኝ ይህ ወረቀት ነው። የጻፉት ሰዓት ሠሪው ሐጂ ሙክታር ናቸው። ያዘዝኳቸው የሃርሞኒካዬን ክዳን እንዲወለውሉ ብቻ ነበር! ከንፈሬ ላይ ሳደርገው የስፌት መኪና ዘይት ይሸታል። ነፋሁ። ጉንፋን እንደያዘው ሰው ታፈነ። ከኮሌጅ ጀምሮ አብሮኝ የኖረ ዕቃ ነው።

ረቡዕ

ጎረቤቴ ኡሞድ ከባሮ ዓሣውን ይዞ ሲመለስ አጥሩ ጋ ቆመ። እሱ ቶም ይጫወታል፤ ቀጫጭን ብረቶቹ በአውራ ጣት የሚመቱ የአኙዋኮች መሣሪያ ነው። ሦስት ወር ሙሉ፣ ፀሐይ ስትበርድ፣ እሱ አንድ ይመታል፣ እኔ አንድ እነፋለሁ። ሌላ ወሬ የለንም።

«ትናንት ዝም፣ ዛሬ ዝም። ተጣላን?» አለኝ።

ሃርሞኒካውን ሰጠሁት። አሸተተው። «ይሄ መኪና ነው!» ብሎ ሳቀ። ብቻውን ትንሽ ተጫውቶ ገባ። በዚህ ከተማ «እርስዎ» ሳይሆን «አንተ» የሚለኝ እሱ ብቻ ነው። አርሜው አላውቅም።

ሐሙስ

ሐጂ ሱቅ ሄድኩ።

«ማን ዘይት ያድርጉ አለዎት?»

«አቶ ደምሴ፣ ሰዓት ዘይት ካልጠጣ ይቆማል። የእርስዎ ምን ስለሆነ ነው የሚቀየመው?»

«ይሄ በትንፋሽ ነው የሚሠራው!»

«እንግዲያው ትንፋሽዎን ያስመርምሩ።»

ሱቁ ውስጥ ያለው ሁሉ ሳቀ። ቤቴ ገብቼ ጎሬ ላለው የበላይ መሥሪያ ቤት ሁለት ገጽ አቤቱታ ጻፍኩ። አነበብኩት። ቀደድኩት።

ዓርብ

ከክሊኒኩ ቁስል አጣቢ፣ ከድሬሰሩ፣ አልኮል ለመንኩ። ክዳኖቹን ፈታሁ። ክብሪት እንጨት ላይ ጥጥ ጠምጥሜ ድምፅ የሚሰጡትን ሃያ የናስ ምላሶች አንድ በአንድ ጠረግኩ። ከሥር ወደ ጫፍ ብቻ፤ ወደ ኋላ ከተጠረገ ምላሱ ይጣመማል። መሐል ያለው እንጨት እንዳያብጥ የአልኮል ጠብታ እንዳይነካው ተጠነቀቅኩ።

ከዘይቱ ሥር አረንጓዴ ዝገት አገኘሁ። የቆየ ነው። ተጫውቼ ሳላደርቀው ኪሴ የምከተው እኔ ነኝ። ይህን መጻፍ አልወደድኩም።

አሥራ ዘጠኙ ድምፅ ሰጡ። አንዷ እምቢ አለች። የሆነ ነገር ይዟታል፤ ዓይኔ አልለይ አለ። የኡሞድ ዜማ ደግሞ ያለ እሷ አይሄድም።

ቅዳሜ

ኡሞድ ከአጥሩ ወዲያ አንዱን ዜማ መትቶ ዝም አለ። ተራዬን እየጠበቀ ነው። ለሐጂ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ግልባጩን እዚህ አስቀራለሁ፦

«ለሐጂ ሙክታር። ዘይቱ የእርስዎ ነበር፣ ዝገቱ የእኔ። እምቢ ያለችውን አንዷን ምላስ የያዛትን ነገር ሊያይ የሚችለው የእርስዎ ማጉያ መነጽር ብቻ ነው። ሰኞ በአሥራ አንድ ሰዓት መነጽርዎንና ወረንጦዎን ይዘው ቤቴ ይምጡ። ዘይት እንዳይዙ። ሻይ አለ፤ ጎረቤቴም ይኖራል። መምጣት አለመምጣትዎን እስከ ነገ እሑድ ቀትር በጽሑፍ እንዲያስታውቁኝ አጥብቄ እጠይቃለሁ።»