ከመድረኩ ግራ ወደ ቀኝ ስለተዛወረው ወንበሬ

ለክቡር ሽሪ ማድሁካር ኢናምዳር
የምሩንማይ ቲያትር ማኅበር ሊቀመንበር
ሳንግሊ

ክቡርነትዎ፣

ይህ ደብዳቤ በመልካም ጤንነት፣ በተለይም በሁለት ደኅና ጆሮዎች እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ።

አስቀድሜ አንድ ወሬ ላርም። እኔ ያሙና ሶማን አርጅቼ ድምፄ ስለደከመ ተዋናይዋ ኬታኪ ጎዴ ንግግሯ ጠፍቷት መድረክ ላይ ደርቃ ቀረች እየተባለ ነው። በቲያትር ቤቱ በር ያለው ሻይ ሻጭ እንኳ ትናንት፣ «አጂ፣ አያቴ፣ ድምፅዎን የት ጣሉት? እንፈልግልዎት?» ብሎኛል። ሰባ ስምንት ዓመቴ መሆኑ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ከመጋረጃው ጎን ተቀምጬ ተዋንያን የረሱትን ቃል በሹክሹክታ ሳቀብል ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኖኛል፤ ሹክሹክታዬ እስከ ሦስተኛው ረድፍ ይሰማል ብለው ባለፈው ዓመት የወቀሱኝ እርስዎ ራስዎ ነዎት። ድምፄ አልደከመም። የደከመው የኬታኪ ግራ ጆሮ ነው። ከመጪው ወር ጀምሮ ከሥራ እንዳርፍ የጻፉልኝን ደብዳቤ እያመሰገንኩ፣ ቅሬታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ ጥፊው። ስለተደበደበች ሚስት በሚተርከው አዲሱ ድራማችን፣ በሁለተኛው ገቢር ባልየው እጁን ያነሳል፣ መብራት ይጠፋል፣ የጥፊ ድምፅ ይሰማል። ያንን ድምፅ ሁልጊዜ የማሰማው እኔ ነበርኩ፤ የስንቱን ባል ጥፊ በእነዚህ መዳፎች አጨብጭቤያለሁ። ከአራተኛው ትርኢት ወዲህ ግን፣ የድራማው አዘጋጅና የባልየው ተዋናይ ሽሪ ቪሽራም ሳቴ ሚስቲቱን ሆና የምትጫወተውን ኬታኪን በጨለማ ውስጥ የምራቸውን ይመታሉ። ምክንያቱን በትሕትና ብጠይቃቸው፣ «ያሙናባይ፣ እርስዎ የድሮ ሰው ነዎት። የዛሬ ተመልካች እውነቱን ነው የሚፈልገው» አሉኝ። ለእውነት ያላቸውን ፍቅር አደንቃለሁ። በመጨረሻው ገቢር ባልየው ጠጥቶት የሚሞተው መርዝ ግን እስከ ዛሬ የስኳር ውኃ መሆኑ ግራ አጋብቶኛል።

፪. ስለ ወንበሬ። ወንበሬ ሁልጊዜ ከመድረኩ በስተግራ ነበር። ከአሥራ ሁለተኛው ትርኢት በፊት ኬታኪ ጸጉሯን እያሰረች፣ «አጂ፣ ዛሬ በቀኝ በኩል ይቀመጡልኝ?» አለችኝ። ለምን ብላት፣ «እንዲሁ ነው። በግራ በኩል ንፋስ አለ» አለች። በዚያ በኩል ያለው ድፍን ግድግዳ ነው። ሽሪ ሳቴ ደግሞ ቀኝ እጃቸው የሚቀናቸው ሰው ናቸው፤ ቀኝ እጅ የሚያርፈው በግራ ጉንጭ ላይ ነው። ወንበሬን አዛወርኩ፤ በዚያ ትርኢት አንድ ቃል አልሳተችም። በማግሥቱ ሽሪ ሳቴ ወንበሩ መብራት ይጋርዳል ብለው ወደ ግራ አስመለሱት። በሚቀጥለው ትርኢት ልጅቱ ደርቃ ቀረች። በሳምንቱ ረጅም አገልግሎቴን የሚያወድሰው ደብዳቤዎ ደረሰኝ። ቀኖችን በተርታ ማስቀመጥን በልጅነቴ በዱላ ስለተማርኩ፣ ይህን ተርታ አጋጣሚ ነው ለማለት ተቸግሬያለሁ።

፫. ስለ ቅጂው። በዚያው ደብዳቤ እጄ ላይ ያለውን የድራማውን ጽሑፍ እንድመልስ ጠይቀዋል። ለመድረክ እንዲቀርብ በመንግሥት የድራማ መርማሪዎች ተፈቅዶ ገጽ በገጽ ማኅተም የተደረገበት፣ የጥፊ «ድምፅ» እንጂ ጥፊ የሌለበት ቅጂ ይህ ብቻ ነው። አሮጌና የሻይ ጠብታ ያለበት ወረቀት ይህን ያህል ለምን አስቸኮለዎ?

፬. ስለ ዝምታዋ። ለምን አትናገሪም ብላት ኬታኪ፣ «ብናገር ለሙያዋ ያልቆረጠች ይሉኛል፣ አጂ። ይህን ቦታ የሚጠብቁ ስድስት ልጆች አሉ» አለችኝ። ስድስት የሚሰሙ ግራ ጆሮዎች ማለት ነው።

ማኅበራችን በአምስት ዓመት ውስጥ ስለ ሴቶች መብት ያሳያቸውን አሥራ አንድ ድራማዎች ቃል ያቀበልኩት እኔ ነኝ። በዘጠኙ ሴቲቱ ተደብድባለች ወይም ልብሷ ተገፍፏል፤ በዘጠኙም የደመቀው ጭብጨባ የደብዳቢው ነበር። ለሴቶች ስለቆምን የተሰጠን ሽልማት የተሰቀለው፣ ካለፈው የዝናብ ወራት ጀምሮ መቀርቀሪያ ከሌለው ከሴቶቹ ልብስ መቀየሪያ በር በላይ ነው። ሽልማቱ እንዳይወድቅ በአራት ምስማር ስለተመታ እናመሰግናለን።

ይህን ደብዳቤ ኬታኪ አንብባዋለች። ስሟን ልሰርዘው ብዬ ነበር፤ «ይኑር» አለች።

በሚገባዎት መጠን የማከብርዎ፣
በሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ቃል ያላሳለፍኩ፣ ይህንንም የማላሳልፍ፣

ያሙና ሶማን

በተጨማሪ፦ ነገ የማደርገውን ከወሬ እንዳይሰሙት። ማለዳ ኬታኪን ይዤ ወደ ጎረቤት ከተማ ሚራጅ እሄዳለሁ፤ በኮሚቴዎ ውስጥ ወንበር የሌለው የጆሮ ሐኪም አግኝተናል። ከዚያ ማኅተም ያለበትን ገጽ ግልባጭ ለመርማሪዎቹ በአደራ ፖስታ እልካለሁ፤ ዋናው ከእኔ ዘንድ ይቆያል። የመጀመሪያው ደወል ሳይደወል ወንበሬን በቀኝ በኩል አስቀምጣለሁ። በሁለተኛው ገቢር መብራት ሲጠፋ፣ እንደ ወትሮዬ አንድ ጊዜ አጨበጭባለሁ። የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ በቲያትር ቤቱ በር ላይ እለጥፋለሁና፣ ያነበበው ተመልካች ጆሮውን አቅንቶ ይጠብቃል፤ ሁለት ድምፅ ከሰማ አንዱ የእኔ አይደለም።