ከውስጥ የተከፈተው በር

ለምወድሽ እህቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ከረምሽልኝ ሆዴ? ወገብሽን ተሻለሽ ወይ? ሙቀቱንስ ቻልሽው? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። እናታችን ጉልበቷን ብርዱ ቢይዛትም ደኅና ናት።

ይህን ወረቀት የምታደርስልሽ የጎረቤታችን ልጅ ሰብሌ ናት። በስልክ ያልነገርሁሽ ስልኩን ስለፈራሁት ነው። አንብበሽ ስትጨርሺ አቃጥዪው።

ከአንቺ ጋር በአንድ አውሮፕላን ዓረብ አገር የሄደችው የከላላዋ ሱሀይላ ሞታለች። እንዴት እንደሆነ ከእኔ ስሚው።

እንደምታውቂው ከአሠሪ ጠፍታችሁ የተደበቃችሁ ልጆች ያላችሁበትን ሰፈር ለማኅበራችን ትልካላችሁ፤ እኛም ወደ አገር ለሚመልሷችሁ ሰዎች እናስተላልፋለን። ያ ሁሉ ያለው እኔ በምጠብቀው ኮምፒውተር ላይ ነው። ስቀጠር ማሽኑ ባለቤት የሌለው ግቢ ይመስል ነበር። ሲስተሙን ከተጫነ ጀምሮ ያደሰው የለም። የአዲስ አበባው ባለሙያ ከሩቅ ሆኖ እንዲያዝዘው ተብሎ መግቢያው ሌት ተቀን ክፍት ነው፤ ፓስወርዱም የማኅበሩ ስም ነው። ለሰብሳቢያችን ለጋሼ አለኸኝ አደጋ ነው ብላቸው፣ "ልጄ፣ መካነ ሰላም ድረስ ማን መጥቶ ይሰርቀናል?" ብለው ሳቁ። ሌባው መምጣት እንደማያስፈልገው፣ ካለበት ሆኖ የዓለምን በር ሁሉ የሚያንኳኳለት ፕሮግራም እንዳለው ሳስረዳቸው ግን ፈቀዱልኝ። ኔትወርክ በመጣ ቁጥር ሲስተሙን አደስሁ፤ የማንጠቀምበትን አገልግሎት ሁሉ አጠፋሁ፤ የሩቁን መግቢያ ዘጋሁ፤ ፓስወርዱን ቀይሬ በጭንቅላቴ ብቻ ያዝሁት። ከዚያ በኋላ ከውጭ የሚያንኳኳው ብዙ ነበር፤ የገባ ግን የለም። ወላሂ፣ ኮርቼ ነበር።

ለአጎታችን ሰደቃ ሁላችን ከላላ ስንሄድ ወንድማችን አሞኛል ብሎ ቤት ቀረ። የቢሮው ቁልፍ እንደወትሮው ቤታችን ምሰሶ ላይ ተንጠልጥሏል። ተመልሼ ቢሮ ስገባ ማሽኑ ግሎ ይጮኻል፤ እኔ ያልፈጠርሁት ተጠቃሚ ገብቶበታል። የኢንተርኔቱን ገመድ ነቀልሁ። ምን ዋጋ አለው፣ ሁሉም ተገልብጦ ሄዷል። ማሽኑ የገባ የወጣውን ይመዘግባልና ቁጭ ብዬ አነበብሁ። ከውጭ የሰበረው የለም። በእኔ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ በእኔ ፓስወርድ የዘጋሁትን የሩቁን መግቢያ ከፍቶላቸው የሄደ ሰው ነው። ያን ፓስወርድ ስጽፍ አጠገቤ ይቀመጥ የነበረው ኮምፒውተር አስተምሪኝ ያለኝ አንድ ሰው ነው። ስሙን በዚህ ወረቀት ላይ አልጽፈውም።

ወዲያው ያሉበት ለተሰረቀባቸው ልጆች ሁሉ መደወል ያዝሁ። አንቺንም "ከዚያ ቤት አሁኑኑ ውጪ፣ ምክንያቱን አትጠይቂኝ" ያልሁሽ ያኔ ነው። ብዙዎቹ አመለጡ። ለሱሀይላ ስደውል ግን ስልኩን ያነሣው ወንድ ነበር። ያመለጡ ልጆችን እያደኑ ለአሠሪ የሚመልሱት ደላሎች ዝርዝሩን ይዘው ቀድመውኛል። ቆይቶ ከፎቅ ወደቀች የሚል ወሬ መጣ። ጀናዛዋ እንኳ አልመጣም።

እናቷ እትዬ ሀጀራ ከከላላ በበቅሎ መጥተው ቢሮ ደጃፍ ተቀመጡ። ይጮኹብኛል፣ ይራገሙኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። "የት እንደተደበቀች ለእኔ ለእናቷ እንኳ አልነገረችኝም፤ እናንተን አመነች" ብቻ አሉኝ። ያን ቃል አልቻልሁትም።

የከፈተው ሰው የአንቺም ስም እዚያ ውስጥ እንዳለ ያውቅ ነበር ይሆን? እያልሁ ስብሰለሰል ከረምሁ። አያውቅም፣ ቢያውቅማ አያደርገውም እያልሁ ራሴን አጽናናለሁ። በዚህ መሐል ወንድማችን አዲስ ባጃጅ እየነዳ መጣ። እናታችን ከየት አመጣኸው ሳትለው፣ አላህ ልጄን አየልኝ ብላ መረቀችው። እራት ላይ እንደ ዋዛ፣ "እህቴ ሰፈር ቀየረች አሉ፤ የት ገባች?" አለኝ። ምነው አልሁት። "እንዲሁ ናፈቀችኝ" አለ፤ ዓይኑን ግን ከትሪው ላይ አላነሣም። የሌለሽበትን ከተማ ነገርሁት።

ነገ ቃሌን ልሰጥ ፖሊስ ጣቢያ እቀርባለሁ። ጋሼ አለኸኝ ለእናታችን አዝነው፣ "ከውጭ ሰብረው ገቡ ብትዪስ? እዚህ አገር ማን ይለየዋል?" ብለውኛል። እውነታቸውን ነው፣ የሚለየው የለም። እኔ ግን ያነበብሁትን እናገራለሁ። ከነገ ወዲያ እናታችን ልጄ ብላ ትጠራኝ እንደሆነ አላውቅም።

አንቺ አብሽሪ። ያለሽበትን የምናውቀው እኔና ሰብሌ ብቻ ነን። ከቤት የሚደውልልሽ ሰው ድምፁን ብታውቂውም፣ በእናታችን ቢምልልሽም፣ የት እንዳለሽ አትንገሪው። አላህ ከሚፈልጉሽ ዓይን ይሰውርሽ፤ እግርሽን ወደ አገርሽ ያቅናው። ለሱሀይላ ጀነትን፣ ለእናቷ ሰብርን ይስጥልን። ለእናታችንም ዱዓ አድርጊላት፤ ያላት ወንድ ልጅ አንድ ነው።

የእናትሽ ልጅ፣
ታላቅ እህትሽ