የዋልልኝ ቅጠል በእኛ መስኮት

ውድ ብዙነሽ፣

«ውድ» የሚለውን ያስገባችው ይህን የምትጽፍልኝ ትርንጎ ናት። የወንድሜ ልጅ ከዓረብ አገር ከተመለሰች ወዲህ ሁሉን አውቃለሁ ባይ ሆናለች፤ «ደብዳቤ እንዲህ ነው የሚጀመር አጎቴ» አለችኝ። ይሁን፣ አላስፋቅኋትም። ሌላው ሁሉ የእኔ ቃል ነው። ልጃችን እመቤት ታንብብልሽ፤ ያ ዋልልኝ ግን እንዳይነካው።

ደብረ ታቦር የሄድሽው ሳሉ በርትቶብሽ ነው። ሐኪሙ «ጢስ ነው የጎዳዎት፣ ከጢስ ይራቁ» አለሽ፤ እኔም መኪናው ድረስ ሸኘሁሽ። መከር አለፈ፣ ጾም ተፈታ፣ ሳሉም ለቀቃት አሉኝ። አንቺ ግን አልመጣሽም። ምን ይዟት ነው ብዬ በሶ ተሸክሜ ብመጣ፣ የእመቤት ቤት በቅጠል ተሞልቷል! በቀለም ቆርቆሮ፣ በዘይት ጀሪካን፣ በየመስኮቱ። አንቺ ደግሞ እርጥብ ጨርቅ ይዘሽ ቅጠል ትጠርጊያለሽ፤ አንድ በአንድ፣ እንደ ሕፃን ፊት።

«ምንድን ነው ይሄ?» ብልሽ፣

«አቶ ዋልልኝ ናቸው የሰጡኝ። ተክል የቤት አየር ያጠራል አሉኝ።»

ናቸው! እኔን አንተ፣ ጎረቤትሽን ናቸው!

«እና ለምን ታጥቢዋለሽ?»

«አቧራ ከያዘው አይተነፍስማ!»

የእኔን ፊት እንዲህ የጠረግሽበትን ቀን ባስበው ባስበው አጣሁት። ያ ጡረተኛ ደግሞ ካፖርቱን ደርቦ በበሩ ብቅ አለና «እንዴት ነው ወይዘሮ ብዙነሽ፣ አዲስ ቅጠል አወጣ?» አለሽ። ሳቅሽ። ሰማሁሽ እኮ! ሚስቱ የሞተችበት ሰው የሰው ሚስት የሚያስቅበት ምን ጉዳይ አለው?

ስወጣ ከዋልልኝ ደጃፍ ካለው ተክል አንድ ቅርንጫፍ ገንጥዬ በጋቢዬ ሸሸግሁ። ሌባ እንዳትይኝ። እሱ ከእኔ ቤት የወሰደው ከቅርንጫፍ ይበልጣል።

አገሬ ገብቼ አንገቱ በተሰበረው እንስራሽ ተከልሁት። ቤቱ ሲጠራ ትመጣለች አልሁ። እንዳይበርደው ምድጃው አጠገብ አኖርሁት። ቢጫ ሆነ። የተረፈውን ከጋጡ የተፈታች ጥጃ ጎበኘችው። አንድ ቅጠል ቀረ። ትርንጎ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«አጎቴ፣ በጨለማ ጢስ እየጠጣ የሚያድግ ተክል የት አይተው ያውቃሉ? ቤቱን ሊያጠራ ቀርቶ እሱም በሳል መሞቱ ነው!»

ዶማ አነሣሁና ግድግዳውን በፀሐይ መውጫ በኩል በሳሁት። ጎረቤታችን ወርቁ ሲያልፍ አይቶኝ ቆመ።

«ፋንታው፣ ምን ሆነህ ነው ቤትህን የምታፈርስ?»

«ቅጠሉ ብርሃን ፈለገ።»

«ብዙነሽ መስኮት አውጣልኝ እያለች ስትለምንህ ሌባ ያስገባል አልህ። ለቅጠል ጊዜ ዶማ?»

ጀርባዬን ሰጠሁት። ጭቃ እያቦካሁ ነበር።

ከዚያ ምድጃውንም አወጣሁት፤ ከቤቱ ጀርባ ማድቤት ቀልሼለታለሁ። ጥጃዋም በረት ገባች። ይህን ሁሉ ያደረግሁት ለተክሉ ነው። አሁን ቤት ውስጥ ዓይን አያለቅስም። አየሩን ያጠራው ቅጠሉ ይሁን መስኮቱ አልከራከርም፤ ዋልልኝ ግን አይደለም።

ብቻ መስኮቱ በመንገድ በኩል ስለሆነ ተክሉን አቧራ ለበሰው። አዲስ ቅጠል አውጥቷል፣ እሱም ለብሷል። ትርንጎ «ልጥረገው?» ብትለኝ ከለከልኋት። እኔም ቅጠል አልጠርግም። ጠራጊ አለው።

ቅዳሜ ከደብረ ታቦር የሚመጣው መኪና አንበሳሜ ከተማ ላይ ይቆማል። እኔም በቅሎዋን ጭኜ እዚያ እቆማለሁ። ለገበያ ነው፤ አንቺን ልጠብቅ እንዳይመስልሽ።

ባልሽ ፋንታው

ይህ ጥቁሩ የአውራ ጣቴ ምልክት ነው፤ ከጣሪያችን በጠረግሁት የመጨረሻ ጥላሸት የታተመ።