እኔ የጠየቅኳቸው ማንቼዎች

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

የለም፣ እኔ የማንም ደጋፊ አይደለሁም! ማን ጠየቀሽ? ማንም። ግን ሰራተኛ ሰፈር በሙሉ "እማማ ሙሉ ማንቼ ሆኑ" እያለ ነው። ጎረቤቴ ተክላይ ኳስ ማሳያ ቤት ደጃፍ ቁጭ ብዬ ወረቀት ስሞላ አይተውኝ ነዋ። ለልጅ ልጄ ለሰገን ነው እኮ! አራት ኪሎ ስታትስቲክስ ነው የምትማረው። የመመረቂያ ጥናቷ... ቡድኑ ሲሸነፍ የሚሳደበው የቱ ይበዛል? የአርሴናል ደጋፊ ወይስ የማንቼ? ስልሳ አርሴናል እሷ ጠየቀች። ፈተና ሲደርስባት ስልሳውን ማንቼ እኔ ያዝኩላት። "ስትሸነፉ ትሳደባለህ ልጄ?" እላለሁ። አዎ ወይ አይ ይላል፣ ምልክት አደርጋለሁ። ይሄ ምን ትምህርት ይፈልጋል?

ዓርብ፣ ግንቦት 8

ሰገን እየዘለለች መጣች። ከአርሴናሎቹ ሠላሳ ዘጠኙ ይሳደባሉ፣ ከኔ ማንቼዎች ዘጠኝ ብቻ! መምህሯ "እንዲህ ያለ ልዩነት በአጋጣሚ አይመጣም" ብሏታል። ኮምፒውተሩም እንደዛው አለ አሉ። ይሄን አቅርባ ካለፈች ትመረቃለች።

እኔ ግን... ማንቼ እንዲህ ጨዋ ነው እንዴ? ከመቼ ወዲህ?

እሁድ፣ ግንቦት 10

ጉድ ነው። ማንቼ ተሸነፈ። ከተክላይ ቤት የሚለየን ቆርቆሮ ነው፣ ሁሉ ይሰማል። የታክሲ ሹፌሩ ኑሪ! "ኧረ እማማ፣ እኔ? አፌን ይቁረጠው!" ያለኝ ኑሪ... ዳኛውን በእናቱ፣ በረኛውን በአባቱ... ወረቀት ላይ አይጻፍም። ሲወጣ ያዝኩት።

"አንተ! አልሳደብም አላልከኝም?"

"እማማ ሙሉ ደግሞ! እርስዎን የመሰለ ትልቅ ሰው ፊት እሳደባለሁ ይባላል? ነውር አይደል?"

"ሌሎቹስ?"

ሳቀብኝ። "ሌሎቹንስ አሳዳጊ በደላቸው እንዴ?"

ሰገን እኩያቸው ናት፣ ለሷ እውነቱን ነገሯት። ለኔ ግን... ታዲያ ይሄ ልዩነት የማንቼ ነው የኔ? ልንገራት? ምርቃቷስ? ዝም ብል ማን ያውቃል... እኔ።

ሰኞ፣ ግንቦት 11

ነገርኳት። አለቀሰች። "እማዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ አንቺን የላክሁት እኔ ነኝ" አለች። ይሄ ባሰኝ።

መምህሯ "እንደገና ሰብስቢ፣ የምታቀርቢበት ቀን ግን አይገፋም" ብሏታል። አሁን ማንም ማንንም አይጠይቅም። ስም የለ፣ ምን የለ። አርሴናሉም ማንቼውም ራሱ ሞልቶ፣ አጥፎ፣ ካርቶን ውስጥ ይከታል። ተክላይ በሩ ላይ ካርቶን አስቀመጠላት። እኔማ ከደጃፉ ተባረርኩ! "አንቺ ካለሽ ጨዋ ይሆናሉ" አለችኝ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 19

ከስልሳ አርሴናል ሠላሳ ስምንት፣ ከስልሳ ማንቼ ሠላሳ አምስት "እሳደባለሁ" ብለዋል። "በዚህ ልዩነት አለ ማለት አይቻልም" ትላለች። እንዴት አይቻልም? ሦስቱ ሰዎች የት ገቡ?

"እማዬ፣ ከአንድ ጆንያ ምስር ሁለቴ ብትዘግኚ ጠጠሩ እኩል ይመጣል?"

"አይመጣም።"

"ጆንያው ግን ያው ነው።"

ገባኝ... ደግሞ ጠፋኝ። ይሄን ሁሉ ለፍታ መልሷ "ልዩነት አላገኘሁም" ከሆነ ማን ያሳልፋታል?

ዓርብ፣ ግንቦት 22

አለፈች! አሁን በስልክ ነገረችኝ። እኔ የሰበሰብኩትንም አልደበቀችም። "የዚያው ቤት ማንቼዎች አያቴ ስትጠይቃቸው ዘጠኝ፣ ማንም ሳያያቸው ሠላሳ አምስት" ብላ አቀረበች። መምህራኑ ከሁሉ ይሄን ወደዱት አሉ። ነገሩ ይግባኝ አይግባኝ እንጃ... እልል ብያለሁ።

ግን ግራ ገባኝ። ሰፈሩ ሁሉ "እሺ እማማ"፣ "ኧረ በፍጹም እማማ" ሲለኝ ስንት ዓመቱ። ሰገንስ? "በላሽ?" "በላሁ።" "ከፋሽ እንዴ?" "አልከፋኝም።" እኔ ጠያቂ፣ እሷ ጨዋ... አንድ ቀን ከፍቷት ቢሆንስ? በየት በኩል አውቃለሁ?

ዛሬ ምንም አልጠይቃትም። አጠገቧ ቁጭ እላለሁ። እኔ ዝም ካልኩ ምን ታወራ ይሆን? ዝም ማለትስ ይሆንልኛል?

"እማዬ! ክፈቺልኝ!" መጣች። አንቺ ሙሉነሽ፣ አፍሽን ያዢ...